ለታሳሪ ማን ይምረጥለት?

ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለሚውሉ «የፍቅር ወፍ» የሚሏቸውን ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች በቤቴ አኖራለሁ። ጥሬ ስሰጣቸው አስቀድመው የሚለቅሙት ሱፉን ነው። ሱፍ ደግሞ ስብ ይበዛዋል፤ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ያንሰዋል፤ በሱ ብቻ የምትኖር ወፍ ጉበቷ ስብ እየቋጠረ ልትታመም ትችላለች። ጎመንና ካሮት ሳቀርብ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ።

ታዲያ የወደዱትን መንፈግ መብቴ ነው ወይ? «ምርጫቸው ነው፣ ተዋቸው» የሚል ወዳጅ አለኝ። ምርጫው የቱ ላይ ነው? ክንፈ ጥቁሯ ዘመዳቸው በአገራችን ደጋ ከጥድ ወደ ሾላ እየበረረች ፍሬ ትለቅማለች፤ አዲስ አበባ ውስጥም ትታያለች። እሷ ሱፍ ብታገኝ እንኳ በክንፏ ታቃጥለዋለች። የኔዎቹን ግን ሳህናቸውን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በሩንም የዘጋሁት እኔ። ይህን አድርጌ ሳበቃ «ራሳቸው መረጡ» ብል ከደሙ ንጹሕ ነኝ እንደማለት ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። «የሚበጅሽን እኔ አውቅልሻለሁ» ማለት የአሳሪ ሁሉ ቋንቋ ነውና። ሱፉን ባንድ ቀን ነጥቆ «ሲርባቸው ይበላሉ» ማለት ይቻላል፤ የሚያደርገውም አለ። 50 ግራም ያህል የምትመዝን ፍጥረት ግን የቀረበላት ነገር ምግብ መሆኑን ሳትረዳ በረሃብ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ሱፉን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እቀንሳለሁ፤ ጎመኑን ከትፌ ከጥሬው ጋር እደባልቃለሁ፤ እያዩኝም እኔው እቀምስላቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት በሚዛን አስቀምጣቸዋለሁ። ክብደታቸው ከቀነሰ ወደ ኋላ የምመለሰው እኔ ነኝ።