ከፎቶግራፉ ዳር የቆሙት

ውበትን መውደድ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ያማረውን ለማሳየት ሲባል ሌላውን ከዓይን ማራቅ ይገባልን? ይህ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም የሕሊና ፍርድ የሚሻ ስለ ሆነ፥ አንድ የታወቀ ፎቶግራፍ ምሳሌ አድርገን ልንመረምረው ወደድን።

በ1939 እ.ኤ.አ. በርሊን የተወለደው ፎቶግራፍ አንሺ ኤርዊን ብሉመንፌልድ፥ ቮግ ለተባለው የፋሽን መጽሔት፥ የስዊድን ተወላጅ የሆነችውን ሊዛ ፎንሳግሪቭስን በፓሪስ በኢፌል ማማ ላይ አቁሞ አነሣት። ሴቲቱ የማማውን ብረት ይዛ፥ ሰፊ ቀሚሷን ለነፋስ ዘርግታ ወደ ገደሉ አዘንብላለች፤ ከበታችዋም የፓሪስ ከተማ ተነጥፋ ትታያለች።

ልብ ብሎ ለተመለከተው የቀሚሱ ውበት ብቻውን የቆመ አይደለም። ብረቱ ባይኖር ሴቲቱ በወደቀች፥ ከተማዪቱም ከታች ባትታይ ከፍታው ባልታወቀ ነበር። ማማው በ1889 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ፥ 18,000 ያህል የብረት ክፍሎች በ2.5 ሚሊዮን ችንካሮች ተያይዘው የቆሙበት ሥራ ነበር። በዙሪያውም የ72 ሊቃውንት ስም ተጻፈበት፤ ከእነዚህ መካከል አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም፥ ችንካሩን የመቱት ሠራተኞችም አልተጠቀሱም።

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ከሩቅ አገር ምሳሌ ብቻ አናውቀውም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፥ አዲስ አበባን እንደ ቀድሞው ከዳር ሆነው ይደግፏታል። ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ በቡራዩ በኩል ካለው ከገፈርሳ ግድብ ይሄድላታል፤ ሕንፃዎችዋን ከሚሠሩትም ብዙዎቹ ማታ የሚገቡት ወደ እነዚህ ከተሞች ነው።

ጥፋቱን ግን በሌላው ላይ ብቻ አንጫን። አንድ ጊዜ ለመሥሪያ ቤት መግለጫ የሚሆን የአዲስ ሕንፃ ፎቶግራፍ ስናስነሣ፥ እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት እናት ከፊታችን ደረሱ። «እማማ፥ እባክዎ ጥቂት ፈቀቅ ይበሉልን» አልናቸው። እርሳቸውም አንዳች ሳይናገሩ፥ ሸክማቸውን እንደ ተሸከሙ፥ ፎቶግራፉ እስኪነሣ ድረስ ከዳር ቆሙ። ሥዕሉ አማረ፤ አለቆችም አመሰገኑን። ዛሬ ግን ያን ፎቶግራፍ ባየን ቁጥር፥ ከሕንፃው ይልቅ ትዝ የሚሉን እርሳቸው ናቸው።

ምናልባት «ፎቶግራፍ ሁሉን ሊይዝ አይችልም፤ መምረጥ ግድ ነው» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ መምረጥ በደል አይደለም። ብሉመንፌልድም ከፓሪስ ጥቂቱን ብቻ መረጠ፤ ነገር ግን ሴቲቱን የተሸከመውን ብረት አልሸሸገም። በደሉ፥ የተመረጠውን ክፍል ሙሉ እውነት ነው ብሎ ማቅረብ ነው። በአስፋልቱ በኩል ያለው ግድግዳ ቀለም ተቀብቶ፥ ከጀርባው ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ሲቀር፥ ነገሩ «ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ» ይሆናል። ይባስ ብሎም ያን ሥዕል ብቻ አይቶ ስለ ሕዝቡ ኑሮ የሚወስን ሹም ቢገኝ፥ ከሥዕሉ የወጣው ሰው ከውሳኔውም ወጥቶ ይቀራል።

ስለዚህ መግለጫ የሚጽፍ ሹም፥ የሚያስተምር መምህር፥ የሚማር ተማሪም ያማረ ሥዕል ባየ ጊዜ «ይህን የተሸከመው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። እኛም እንዲያ ያለ ጊዜ ዳግመኛ ቢገጥመን፥ እናቲቱን ፈቀቅ ይበሉ አንልም፤ መንገዱ የእርሳቸውም ነውና እንዲያልፉ እንተዋቸዋለን።