በመቃብር መካከል ስለ መሮጥ



በመቃብር መካከል መሮጥ ነውር ነውን? ጥያቄው ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ይመስል ይሆናል። በደካና በቦንጋ አካባቢ ለሚኖር ወጣት ግን የየማለዳው ጥያቄ ነው። አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ዝናሟም የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይይዛል። ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ እንሩጥ ብንል የጭነት መኪናው ያሰጋናል፤ በሰፈር መንገድ ብንል ጭቃው ጫማ ይነቅላል። ደልዳላ፥ ጸጥ ያለና ጥላ ያለው ስፍራ ስንፈልግ የምናገኘው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ግቢ ነው። በዚያ ደግሞ ሙታኖቻችን አርፈዋል።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ግቢውን ደጋግሜ ከዞርሁ በኋላ እግሬን ለማፍታታት አንዱን እግሬን ከነጫማው በአንድ መቃብር የብረት አጥር ላይ አድርጌ ጎንበስ አልሁ። ቀና ስል ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ እናት አጠገቤ ቆመዋል። ደንግጬ እግሬን አወረድሁና፥ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፥ እማማ፤ ሩጫዬ ያስከፋዎታል ብዬ አላሰብሁም» አልኋቸው።

እርሳቸውም ሳይቆጡ፥ «ሩጫህ ምን አደረገኝ ልጄ፤ ሩጥ፥ ጤና ይስጥህ። ይህን ብረት ግን እኔ በመጣሁ ቁጥር የምስመው ነው» አሉኝ። ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ጭቃውን ጠርገው ብረቱን ሳሙት።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ባጫውተው፥ «ሙታን አይሰሙ፥ አያዩ። እናትየዋ ባይመጡ ኖሮ ማንን በደልህ ይባል ነበር? ደግሞስ ከብቱ በመቃብሩ ላይ ይግጥ የለምን? ትልልቆቹስ ቀብር ላይ ቆመው በዕድር ገንዘብ ይከራከሩ የለምን?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል ስላልሆነ ብዙ ቀን አሰብሁበት።

በመጀመሪያ፥ ያ ብረት እናቲቱ ከመድረሳቸው በፊትም የሚሳም ብረት ነበር። የእርሳቸው መምጣት ጥፋቴን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ባለቤቱ ሩቅ አገር በሄደበት ቤት ገብቶ በአልጋው ላይ በጭቃ ጫማ የሚቆም ሰው፥ ባለቤቱ አላየኝም ብሎ ነጻ ሊወጣ አይችልም።

ሁለተኛ፥ የምናከብረው ሊቀጣንና ሊከሰን የሚችለውን ብቻ ከሆነ፥ ያ ፍርሃት እንጂ አክብሮት አይባልም። አለቃን ብንዳፈር ይጠራናል፤ ጎረቤትን ብንበድል ሽማግሌ ይልክብናል። ሙት ግን ማንንም አይልክም። አባቶቻችን «ሙት ወቃሽ አትሁን» የሚሉት ወቀሳውን የሚመልስበት አንደበት ስለሌለው ነው። ስለ ሞተ ሰው ስናነሣም «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እንላለን። በአፋችን አፈሩ ይቅለለው እያልን በተረከዛችን ብንደልቀው አፋችንና እግራችን አልተስማሙም ማለት ነው።

ስለ ከብቱና ስለ ዕድሩ ክርክር መልሱ አጭር ነው። ከብት አያውቅም፤ የትልቅ ሰው ጥፋትም የታናሹን ጥፋት አያጸድቅም።

እንግዲህ ሩጫና መቃብር ፈጽሞ አይገናኙ ማለት ነውን? እኔ እንዲህ አልልም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲሮጥ ወደ መጨረሻው ያለፈበት የአፒያ መንገድ የጥንት ሮማውያን መቃብሮች በግራና በቀኝ የተሰለፉበት ነው፤ የጥንት ክርስቲያኖችም በዚያው አካባቢ ከምድር በታች በዋሻ አርፈዋል። ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደውም በዚያን ጊዜ በሮማ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። ያም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው ሲሆን፥ የአክሱም ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው። አበበ ሩጫውን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አርፎ ዛሬ እርሱም በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ይገኛል። በዚያች ሌሊት ሙታንን ደፈረ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም። በመንገዱ ሮጠ፤ የማንንም መቃብር አልረገጠም።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 20 እናገኛለን። ጴጥሮስና ሌላው ደቀ መዝሙር ወደ ጌታ መቃብር አብረው ሮጡ። ሌላው ደቀ መዝሙር ፈጥኖ ቀደመ፤ ነገር ግን ከደጁ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ እንጂ አልገባም፤ ጴጥሮስ እስኪደርስ ቆየ። ወንጌሉ ስለ መሮጡ አይወቅሰውም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ያ ሁሉ ፍጥነት ከደጁ ላይ መቆም መቻሉ ነው። የእኔም ሐሳብ በዚህ ይጠቃለላል፦ ሙታን ባረፉበት አጠገብ ሊሮጥ የሚገባው ለመቆም የተዘጋጀ ሰው ነው።

በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ከበቅሎው ይወርድ የነበረው በቅሎዋ ስለከፋች አይደለም። እኛም የእግራችንን በቅሎ መግታት እንልመድ። የሚሮጥ አስቀድሞ የደብሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። ቅዳሴና ቀብር ባለበት ሰዓት አይግባ። በዳር ባለው መንገድ ይሂድ እንጂ በመቃብር ላይ አይዝለል፤ ልብሱን በመስቀል ላይ አይስቀል፤ ከስልኩ ዘፈን አያሰማ፤ ምራቁን አይትፋ። የሚያለቅስ ሰው ካየ ደግሞ ሩጫውን ወደ እርምጃ ለውጦ «እግዜር ያጥናዎ» ብሎ ይለፍ። ለዚህ ሁሉ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው።

እኔ ሽማግሌዎችን ጠይቄ አሁን ከአጥሩ ውጭ ባለው መንገድ እሮጣለሁ። ጭቃ አለው፤ ዳገትም አለው። እናቲቱን በበሩ ሲገቡ ያየሁ እንደሆነ ቆሜ እጅ እነሣለሁ፤ እርሳቸውም «በርታ ልጄ» ይሉኛል። በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንማማር። ስትጽፉ ግን አባቶቻችን «ነግ በእኔ» ያሉትን አትርሱ፤ ዛሬ የምንሮጥበት እግር አንድ ቀን በዚያው አፈር ያርፋልና።