መንገዱ የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን በውኃ መቅጃው የተነሣውን ጠብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሁለት ጎልማሶች «ተራው የእኔ ነው» ተባብለው ተያያዙ፤ የተጎዳችው ግን በጠቡ የሌለችበት ነፍሰ ጡር እኅታችን ሆነች። ተገፍታ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ማታ ሻይ ስንጠጣ ክርክራችን ሁሉ «ለመሆኑ ተራው የማን ነበር?» በሚለው ላይ ሆነ። በወጣትነቱ የአውሮፕላን አብራሪነት ትምህርት ጀምሮ የነበረ አንድ ታላቅ ወንድማችን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «እኛን ያስተማሩን ከዚህ የተለየ ነበር» አለና በእንጨት መሬት ላይ ይሥልልን ጀመር።

ሰማይ ሰፊ ቢሆንም ሁሉም ወደ አንድ ማረፊያ ሲሰበሰብ ይጠብባል። ስለዚህ አገሮች የተስማሙበት የአየር ሕግ አለ። ሁለት አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ቢመጡ ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ይታጠፋሉ። መንገዳቸው የሚቋረጥ ከሆነ፣ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ይለቃል። ከኋላ ደርሶ የሚቀድም ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ርቆ ያልፋል። ለማረፍ ከተቃረቡት መካከል ቅድሚያው ዝቅ ብሎ ለሚበረው ነው፤ ሆኖም ይህን መብት ይዞ ሌላው ፊት ጥልቅ ማለት ክልክል ነው። ባለሞተሩ አውሮፕላን ሞተር ለሌለው ተንሸራታች፣ ተንሸራታቹም ነፋስ ለሚነዳው ፊኛ ይለቃል። ተቸግሮ ለማረፍ ለተገደደ ደግሞ ሁሉም ይለቁለታል።

በምድር ጎዳና ትልቁ የጭነት መኪና ሲመጣ ትንሹ ጥግ ይይዛል። በሰማይ ግን ጉልበት ቅድሚያ አያሰጥም። ፊኛው የሚቀድመው መዞር ስለማይችል ነው፤ መዞር ለሚችለው መቻሉ ራሱ ዕዳ ይሆንበታል። በዚህ ሚዛን ብንመዝን ኖሮ፣ በዚያ ቀን ተራው ከሁለቱ ጎልማሶች የማንኛቸውም አልነበረም።

«እንግዲያው መብቱ የእኔ ከሆነ ልቤን ጥዬ ልሂድ?» የሚል ይኖራል። ሕጉ ባለ መብቱን አቅጣጫህንና ፍጥነትህን ጠብቅ ይለዋል፤ ሌላው አካሄዱን አውቆ እንዲሸሸው ነው። ነገር ግን ግጭትን ከማስወገድ ኃላፊነት አያወጣውም። ምክንያቱም ያኛው ላያየው ይችላል። ለሞተ ሰው «ቅድሚያው የአንተ ነበር» ቢባልለት ምን ይጠቅመዋል? የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የመንገደኞች አውሮፕላንና አንዲት የማሠልጠኛ ሴስና አየር ላይ ተጋጩ። ትልቁ ተመልሶ በደኅና አረፈ፤ በትንሿ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ግን ሞቱ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ያነሣነው ነገሩ ከእኛ ሩቅ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

ወንድማችን መጨረሻ ላይ የነገረን ከሁሉ ይልቅ አሳሰበን። በፊት መስታወቱ ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲሄድ የሚታይ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ አልፎ ይሄዳል። የሚያስፈራው ባለበት ረግቶ ቀስ በቀስ የሚተልቀው ነው፤ እርሱ ወደ አንተው እየመጣ ነው። ዓይን የሚንቀሳቀስን ነገር ቶሎ ያያል፤ የረጋውን ግን ይስተዋል። እስከ መጨረሻዎቹ ሰኮንዶችም የነጥብ ያህል ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ተማሪው ሰማዩን በየክፍሉ ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ዓይኑን ጥቂት እያሳረፈ እንዲቃኝ ይሠለጥናል።

እኛም በዚያ ቀን ሰልፉ ላይ ነበርን። የሁለቱ ሰዎች ቂም ከወራት በፊት ጀምሮ ባለበት ረግቶ ሲተልቅ በየቀኑ እናየው ነበር። ተራችን አልደረሰም፣ ነገሩም አይመለከተንም ብለን ዝም አልን። ጥፋት አልሠራንም፤ ግን ከኃላፊነት ነጻ ነን ለማለት አፋችን አልታዘዘልንም።

እኅታችን ዛሬ ደኅና ናት፤ ክንዷ ግን ገና እንደታሰረ ነው። ከነገ ጀምሮ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌና ሕመምተኛ ቀድመው ይቅዱ እንላለን። ተራ የደረሰውም ጄሪካኑን ከማስቀመጡ በፊት ዞር ብሎ ይመልከት። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።