ጋሼ፣ ሁሉንም አንብበውታል?

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ቤት ቀየርን። ቤት የቀየረ ሰው ያውቀዋል፤ ዕቃ ሲወጣ ገመናም አብሮ ይወጣል። እጀታው የተሰበረ ጀበና፣ ለሠርግ ተሰጥቶን ከነመጠቅለያው የተቀመጠ ሰርቪስ፣ ከአልጋ ሥር የተገኘ ነጠላ ጫማ... ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ያያል። እኔን ግን ያጋለጡኝ መጻሕፍቱ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ካርቶን! አዲሱ ቤት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም።

ስድስተኛውን ካርቶን ያወጣው ወጣት ላቡን በክንዱ ጠረገና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ አንብበውታል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አፍ ከልብ ይቀድማል።

«ታዲያ ካነበቡት ምን ያደርግልዎታል?»

ይኸውላችሁ እንግዲህ! አላነበብኩትም ብለው «ለምን ገዙት?» ሊለኝ ነው። አነበብኩት ስለው ደግሞ «ለምን ያሸክሙናል?» ሆነ። መቼም ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ትንሽ ጨመር አድርጌ ከፍዬ ሸኘሁት።

ማታ ካርቶኖቹን እየፈታሁ ያነበብኩትን በስተቀኝ፣ ያላነበብኩትን በስተግራ ስደረድር አመሸሁ። የግራው ክምር እየገዘፈ ሲሄድ ባለቤቴ በዚያ በኩል ስታልፍ ከንፈሯን መጠጠች። አንዳንዶቹ ሠላሳ ዓመት አብረውን ኖረዋል። ልጆች ድረን አስወጥተናል፣ እነሱ ግን እንዳሉ አሉ። ከአንዱ ውስጥ፣ ገጽ 41 ላይ፣ የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ አልተሄደም፤ ትኬቱም መጽሐፉም እኔም እዚያ ፌርማታ ላይ ቀርተናል።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ሳቀብኝ። «ጃፓኖች ለዚህ ስም አላቸው፤ ጹንዶኩ ይሉታል» አለኝ። መጽሐፍ ገዝቶ ሳያነቡ መከመር ማለት ነው። ለበሽታህ የጃፓን ስም ሲገኝለት በሽታነቱ ቀርቶ ጨዋነት ይመስላል! እሱም ቤት ከእኔ የባሰ ክምር እንዳለ ስለማውቅ፣ «እንወራረድ» አልኩት። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ጀምሮ በወር አንድ፣ ቢያንስ አሥር ዓመት ቤት የኖረ መጽሐፍ እንጨርሳለን። ጳጉሜን አምስት ቀን ስለሆነች ለእሷ ከሁሉም ቀጭኑ ይያዛል። እስከዚያ አዲስ መጽሐፍ መግዛት የለም፤ አዟሪ ክንዱ ላይ ከምሮ ካፌ ሲገባ ፊታችንን እናዞራለን። በወሩ ያላለቀ መጽሐፍ ከቤት ይወጣል፣ ለሚፈልገው ይሰጣል። ይህቺን የመጨረሻዋን ያመጣት እሱ ነው፤ እኔ ምሳ መጋበዝ ይብቃ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ የዕዳ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይባል የለ? መጽሐፍ መግዛትም ላነብህ ብሎ ቃል መግባት ነው ብዬ ተነሣሁ። ግን ቃሉ ለማን ነው? ለደራሲው እንዳይባል፣ አብዛኞቹን የገዛሁት ለገሃር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው፤ ደራሲው ሳንቲም አልደረሰውም። ለራሴ ነው? ያን ጊዜ የገዛው ሰውዬ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነበር። መጽሐፍ በብብቱ ይዞ አራት ኪሎ መታየት የሚወድ ጎረምሳ ነው። ለእሱ ምን ዕዳ አለብኝ? ለራሴ የገባሁትን ቃል ራሴ ብምረውስ ማን ይከሰኛል?

ቃል ማለት ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ያንሣ። (እኔም ቤት አለ፣ በግራው ክምር፤ ወዳጄ «መዝገበ ቃላት አይጨረስም» ብሎ ነፃ አወጣው።) ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሳይጨርሱት ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ ተወላቸው። ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት አለፉ። አደራው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደረሰና በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ! እኔ አንድ ሰው ሆኜ፣ ሌላው ጽፎ፣ አራሚው አርሞ፣ አታሚው አትሞ ያቀረበልኝን ገልጬ ማንበብ አቃተኝ። ይህን ሳስብ ውርርዱ ትንሽ አሳፈረኝ። ግን ማፈር ማስነበብ አይችልም።

የመስከረሙ በሰላም አለፈ። ጥቅምት ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነሣ ባለቤቴ፣ «ያንን ደግሞ አንብበኸው የለም እንዴ?» አለች። እንግዲህ እዚህ ላይ የእኔ ትውልድ ይታዘበኝ። ብዙዎቻችን የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ «ያነበብነው» በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ነው፤ በሬዲዮ። ዕድሜዬን ሙሉ አንብቤዋለሁ ስል ኖሬያለሁ፤ ዓይኔ ግን ከሃምሳኛው ገጽ አላለፈም ነበር። ውሸት ነው? ታሪኩን አውቀዋለሁ፣ ለበዛብህ አዝኜለታለሁ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ስቄያለሁ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ ስጨርስ ጆሮዬ ውስጥ የሚያነብልኝ አሁንም ወጋየሁ ነው። ለዚህኛው ለራሴ ይቅርታ አደረግሁለት። ሰምቻለሁ ማለት ሲገባኝ አንብቤያለሁ አልኩ፤ የተጎዳ ሰው ግን አላገኘሁም።

የካቲት ላይ ባለ ትኬቱ መጣ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው። ከባድ ነው እየተባለ የኖረ መጽሐፍ ስለሆነ እኔም ገጽ 41 ላይ መውረዴ ብዙ አያስገርምም። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የጎረቤታችን ልጅ በራችንን አንኳኳ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። «ጋሼ፣ አደፍርስ አለዎት ሲሉ ሰምቼ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ቢያውሱኝ» አለ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ። መጽሐፍ ያዋሰ ሞኝ ነው የሚሉት ፈሊጥ አለና «እያነበብኩት ነው» አልኩት። እያነበብኩት አልነበረም። መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ነበር። ልጁ አመስግኖ ሄደ። ምስጋናው ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ።

በ2009 ዓ.ም. ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ሪዙ ሸብቷል። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ «ያኔ ወመዘክር እየተመላለስኩ ጨረስኩት እኮ፣ አደፍርስን» አለኝ። ቀጥሎም፣ «እርስዎስ ማን ልክ ነበር ይላሉ? ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ልጅ ነው ወይስ የአገሩ ሰዎች?» ብሎ ዓይኔን ዓይኔን አየኝ። እኔ ምን ልበል? «እሱ እንግዲህ... እንደ አተያዩ ነው» አልኩና ወደ ድንኳኑ በር ዞርኩ። ሰው ሲገባ ያየሁ መሰልኩ። እሱም ዝም አለ።

ያልተነበበ መጽሐፍ ጥፋቱ ምን ላይ እንደሆነ የገባኝ የካቲት ላይ፣ ገጽ 41ን አልፌ ስሄድ ነው። ደራሲውን አልበደልኩም፤ ያንን ባለብብት ጎረምሳም አልበደልኩም። አንድ ልጅ ወመዘክር ድረስ እየተመላለሰ ያነበበውን ይዞ፣ የሚያወራው ሰው አጥቶ ሃያ ዓመት ከቆየ በኋላ እኔን አገኘሁ ብሎ መጣ። አነበብኩት እያልኩ ስላስወራሁ ነው ወደ እኔ የመጣው። አላነበብኩትም ብለው ኖሮ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ወይም ቁጭ ብሎ ይተርክልኝ ነበር። የዋሸሁት ስለ ራሴ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጨረስኩት። በወሩ አይደለም፣ መጋቢት 9 ገባ። ወዳጄ «ሕጉ ሕግ ነው፣ ይውጣ» አለ። እሱ ራሱ ኅዳር ላይ ገጽ እየዘለለ መጨረሱን ባለቤቱ ነግራኛለች፤ ግን አልተከራከርኩም።

የልጁን ስልክ ከእናቱ ተቀበልኩና ደወልኩ። (ልጁ እላለሁ፣ ሃምሳ ሊሞላው ነው።)

«ጋሼ፣ ምነው ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አደፍርስን ጨረስኩት።»

ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ። «ድሮ ጨርሰውት አልነበር እንዴ?»

«አልነበረም። ያን ጊዜ ስትለምነኝም እያነበብኩት አልነበረም።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ በረጅሙ ተነፈሰ። «እኔ እኮ ያኔ ለቅሶ ላይ ስጠይቅዎ ፊትዎን ሲያዞሩ፣ ይሄ ደግሞ ምን ገብቶት ነው ብለው የናቁኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ መጽሐፍ ሰው ፊት አላነሣም።»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ቅዳሜ አራት ኪሎ ተቀጣጥረናል። መጽሐፉን ይዤለት እሄዳለሁ፣ ከነትኬቱ። እሱ ግን ካነበብኩት ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፣ ታሪኩ ጠፍቶብኛል፣ መጀመሪያ እርስዎ ይተርኩልኛል ብሏል።