ለቴአትር ብላችሁ አዲስ አበባ ስትሄዱ

ልጆቼ፣ «አዲስ አበባ ስሄድ ቴአትር አያለሁ» ስትሉ እሰማለሁ። እንዲህ ብለው ከሄዱ ሰዎች መካከል ቴአትር አይቶ የተመለሰ እምብዛም አላጋጠመኝም። ጉዳይ አለበት፣ ዘመድ መጠየቅ አለበት፣ መርካቶ ወርዶ ጫማ ይገዛል፤ ቀኑ እንዲሁ ያልቃል። ስለዚህ ነገሩን ገልብጣችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ ቴአትሩን ምረጡ፣ ከዚያ ቀኑን ያዙ፤ ሌላው ጉዳይ በተረፈው ሰዓት ይግባ። ፊልም ቢያመልጣችሁ ነገ በስልካችሁ ታገኙታላችሁ። መድረክ ላይ ያለው ግን በሥጋው የቆመ ሰው ነው፤ የዛሬውን ጨዋታ ነገ በዚያው ልክ አይደግመውም።

ቀኑን መያዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ አንድ ቴአትር ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመደበለት ሰዓት ይታያል፤ ከተወደደ እንዲህ እያለ ወራት ይቆያል። የእሑዱን ፈልጎ ቅዳሜ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ሌላ ቴአትር ነው። «ዘወትር እሑድ በ8 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ እንግዲህ የቴአትሩን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ደውሉ፤ ካልሆነም እዚያ የሚኖር ወዳጅ በበሩ ሲያልፍ ጎራ ብሎ ይጠይቅላችሁ። ተዋናይ ይታመማል፣ አዳራሽ ለስብሰባ ይሰጣል፣ እድሳት ይጀመራል። ከወር በፊት የተለጠፈ ወረቀት አምኖ መቶና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር መጓዝ የዋህነት ነው።

የቀን መቁጠሪያውንም ተመልከቱ። መስከረም 16 ደመራ ነውና ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱት መንገዶች ይዘጋሉ። ኅዳር ውስጥ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበት እሑድ ጠዋትም እንደዚያው ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሲሰበሰቡ መንገዱም ሆቴሉም ይጣበባል። እነዚህን ቀናት ዝለሏቸው።

የት እንደምትገቡ እንነጋገር። ብሔራዊ ቴአትር ከለገሃር ወደ ላይ ስትወጡ፣ የድንጋዩ አንበሳ የቆመበት ነው። ሕንፃውን ጣሊያኖች ሲኒማ ቤት ሊያደርጉት ጀምረውት ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የተዋናዩን ፊት አያይም፣ ድምፁን ነው የሚከተለው። እዚያ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ወደ ፊት ተጠጉ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ፒያሳ ነው። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ከተቋቋመው ማኅበር የተወለደ ቤት ነው፤ ጥላሁን ገሠሠም በልጅነቱ ያቀነቀነው እዚያ ነው። አዳራሹ ከብሔራዊው ያንሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቴአትር አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ የምመርጥላችሁ ይህንኑ ነው። ተዋናዩ ሲያልበው ማየት አለባችሁ።

ፒያሳን ግን እኛ ሽማግሌዎች በምንነግራችሁ ምልክት አትፈልጉት። «ከወርቅ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከኬክ ቤቱ ታጥፈህ» የምንለው ሁሉ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት ቤቶች ጋር አብሮ ሄዷል። አሁን የዓድዋ ድል መታሰቢያን ወይም የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም ያሳያችኋል። ጊዜ ከተረፋችሁ ሐውልቱ ሥር ጥቂት ቁሙ። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ያነበበ ሰው ደግሞ ከጥቂት በላይ ይቆማል።

ንባብ ካነሣን አይቀር፣ የምታዩት ቴአትር በመጽሐፍ የታተመ ከሆነ አንብባችሁት ሂዱ። «መጨረሻውን ካወቅሁት ምን ያጓጓኛል?» ትሉኛላችሁ። የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» አንብባችሁ ብትገቡ፣ ጽሑፉ ላይ ፈገግ ያላሰኛችሁ ንግግር አዳራሹን በሳቅ ሲያናውጥ ትሰማላችሁ፤ ያኔ ተዋናይና አዘጋጅ ምን እንደሚጨምሩ ይገባችኋል። አዲስ ድርሰት ከሆነ ግን ምንም ሳትሰሙ ግቡ፤ ያየ ሰው ሊተርክላችሁ ሲጀምር አስቁሙት።

አሁን ወደ ጉዞው። ከእኛ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚህም ነው የዚህ አገር ልጅ «ደርሶ መልስ ይበቃኛል» የሚለው። እስቲ አስቡት። በ8 ሰዓት የተጀመረ ቴአትር ከ10 ሰዓት በኋላ ያልቃል። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የመገናኛ ጭንቅንቅ አለ፣ ላምበረት መናኸሪያ ስትደርሱ ይመሻል። ይህን የሚያውቅ ልብ ከሁለተኛው ትዕይንት ጀምሮ ሰዓት ሲያይ ነው የሚቆየው። እዚያው እደሩ። ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ከተመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ ዘመድ የሚባለው ትልቁ ፈተና ይመጣል። በዘመድ ቤት ማደር ወጪ ይቀንሳል፣ እነሱም ደስ ይላቸዋል፤ ማርም ሆነ ቅቤ ባዶ እጅ አትሂዱ። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ እንደገባችሁ፣ ገና ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ «ነገ በ6 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ፤ በ8 ቴአትር አለብኝ» በሉ። ይህን ያላለ ሰው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ይቀርብለታል፣ ከምሳው በኋላ ቡና ይፈላል፤ አቦሉ 7 ሰዓት ላይ፣ ቶናው 7 ተኩል፣ በረካውን ትቶ መነሣት ደግሞ ነውር ነው። አክስታችሁ «ምን ቴአትር አለ፣ ቲቪው ይኸው አይደል!» ትላለች። አትቆጧት፤ ሁለተኛ ቲኬት ግዙላትና ይዛችኋት ሂዱ። ብዙ አክስቶች ከተማው ውስጥ ዕድሜያቸውን ኖረው በዚያ በር አልገቡም። ቡናው ከቴአትሩ በኋላ ይፈላል፣ ጨዋታውም ያን ጊዜ ይደምቃል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ለከተማው ውስጥ መንገድ ሰፋ ያለ ሰዓት መድቡ። ወደ ብሔራዊ ከሆነ ቀላል ባቡሩ ከመገናኛ ለገሃር ያደርሳችኋል፤ ሲገኝ ርካሽ ነው፣ ግን ይጨናነቃል፤ ኪሳችሁን ጠብቁ። በሚኒባስ ከሆነ ረዳቱ የሚጠራውን መድረሻ እስክትሰሙ ድረስ አትሳፈሩ። ቲኬቱ በመስኮት ስለሚሸጥ ጥሬ ብር ያዙ፤ በቴሌብር ብቻ የተማመነ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ በሩ ላይ ይቀራል።

አዳራሽ ውስጥ ስልክ መዝጋት ነው። ድምፁን ማጥፋት አይበቃም፤ ብርሃኑ ተዋናዩንም ጎረቤታችሁንም ይረብሻል። መሳቅና ማጨብጨብ ግን አትፈሩ። የገጠር ልጅ ነኝ ብሎ የሚሸማቀቅ ወጣት አይቻለሁ፤ በጣም ጸጥ ያለ ተመልካች ተዋናይን ያቀዘቅዛል።

ስትወጡ ደግሞ ወዲያው ታክሲ ፍለጋ አትሩጡ። የአዘጋጁንና ደስ ያሰኛችሁን ተዋናይ ስም ከማስታወቂያው ላይ ጻፉ። የሚቀጥለውን ጉዞ የምታቅዱት ያኔ በፖስተሩ ቀለም ሳይሆን በሰዎቹ ሥራ ይሆናል፤ አክስታችሁም «እሱ ሰውዬ ሌላ ሲያዘጋጅ ንገሩኝ» ማለቷ አይቀርም።