ሙቀጫውና የታችኛው ቤት

ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ ዘመዱን ለመጠየቅ ወደ ረሆቮት የሚወርድ ተሳላሚ፣ በቂርያት ሞሼ ሰፈር ፎቅ ቤቶች መካከል ሲያልፍ የዘነዘና ድምፅ ቢሰማ አይደነቅ። በዚያ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የተፈጨ ቅመም በሱቅ ሳለ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን በቤታቸው የሚወቅጡ እናቶችም አሉ።

ምክንያት አላቸው። ኮረሪማ በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ መዓዛውን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ከተወቀጠ በኋላ ግን ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ቶሎ ይተናል። ደግሞም ከበርበሬ ጋር የሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎ እንደሚሸጥ የሰማ ሰው፣ በገዛ እጁ ለቅሞ የወቀጠውን ማመኑ አያስነቅፈውም። ከሁሉ በላይ ድካሙ አለ። በኦሪት ዘኍልቍ 11፥8 እንደ ተጻፈው ከሰማይ የወረደው መና እንኳ በወፍጮ ይፈጭ፣ በሙቀጫም ይወቀጥ ነበር። ያለ ዋጋ የተሰጠ ስጦታ የተቀባዩን ክንድ አላሰናበተም።

እንግዲህ ስለ ቤተሰብ ፍቅር የሚደከመው ድካም መልካም ከሆነ፣ ድምፁ በወለሉ አልፎ ከሌሊት ሥራ ተመልሶ የተኛውን የታችኛውን ቤት ሰው ሲቀሰቅስስ መልካምነቱ ይጸናልን? በጎንደር ገጠር ሙቀጫው በደጅ፣ በአፈር ላይ ይቀመጥ ነበርና ምቱን ምድር ትውጠው ነበር። በፎቅ ግን የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። ያው ክንድ፣ ያው ዘነዘና፣ ያው በጎ ሐሳብ ሳለ ሥራው ሌላ ሆኗል። «ባህላችን ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አይበቃም፤ ያው ባህል የቅርብ ጎረቤትን ከሩቅ ዘመድ ያስበልጣልና። «የኤሌክትሪክ መፍጫ ግዙ» ማለትም የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በስተርጅና አገር ለለወጠች እናት፣ አስተርጓሚ ሳትሻ የምትሠራው ሥራ ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በ1890 እ.ኤ.አ. የተመሠረተችው ከተማ ስሟን የወሰደችው በዘፍጥረት 26፥22 ከተነገረው፣ ርኆቦት ከተባለው የይስሐቅ ጉድጓድ ነው፤ ትርጓሜውም ስፋት ነው። ይስሐቅ በቀደሙት ሁለት ጉድጓዶች የጌራራ እረኞች ቢጣሉት፣ ሎሌዎቹ የቆፈሩት እንደ ሆነ እያወቀ ትቶላቸው አለፈ። መቆፈሩን ግን አልተወም።

ሙቀጫም ሰዓት የማያውቅ ዕቃ አይደለም፤ ሰንበትን በሚጠብቅ ቤት ከዓርብ ምሽት ጀምሮ ዝም ይላል። ለሰንበት ዝም ያለ ለደከመ ጎረቤትም ዝም ማለት አያቅተውም። እናቲቱ የታችኛው ቤት ሰው የሚነቃበትን ሰዓት ብትጠይቅ፣ ከሙቀጫውም ሥር ብርድ ልብስ አጥፋ ብታነጥፍ የሚጎድልባት ነገር የለም። ኮረሪማው እንደ ሆነ በቅርፊቱ ውስጥ እስከ ነገ ረፋድ ቢቆይ መዓዛው አይጠፋም።