ምልክቱ የእኛ፣ ሕጉ የማንም

ሒሳብ ሳስተምር «9ን በራሱ ግማሽ ጊዜ ማባዛት ምን ማለት ነው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ፍልስፍና ነው፦ ትርጉሙን ፈጠርነው ወይስ አገኘነው? እኔ አገኘነው እላለሁ። መሠረታቸው አንድ የሆኑ ርቢዎች ሲባዙ አርቢዎቻቸው ይደመራሉ፤ ½ እና ½ ደግሞ 1 ናቸው። ስለዚህ 9 በአርቢ ½፣ በራሱ ሲባዛ 9 መስጠት አለበት፤ ይህም አዎንታዊው ዳግም ዘር፣ 3 ነው። 8 በአርቢ ⅔ ሲሆን ታህቱ ሣልስ ዘርን፣ ላዕሉ ዳግም ርቢን ያዛል፤ መጀመሪያ 2፣ ቀጥሎ 4። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኋላ ጳጳስ የሆነው ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም፣ በ17ኛው እንግሊዛዊው ኒውተን በክፍልፋይ አርቢ ተጠቅመዋል። አጻጻፋቸው ይለያያል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ምልክትን ሰው ይመርጣል፤ እውነትን ግን ይታዘዛል። እናም ተማሪዎች ሆይ፣ ደንቡን ከመሸምደዳችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ።